«አሥራ» የምትለዋ ቃል

መስከረም ፳ ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ፤ ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅህ። እኔም፣ ጓሮዬም፣ ጉልበቴም ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

ስምንተኛዋ «የጓሯችን ወሬ» ታትማ ደርሳኝ መቶ ስልሳውንም ቤት አዳርሻለሁ። አንዷን ዳቦ ቤቱ በር ላይ፣ አንዷን ክሊኒኩ መግቢያ ላይ ለጥፌያለሁ። ችግኝ ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ስወጣ፣ የማውቀውን ይዤ ቤት ልቀመጥ እንዴ ብዬ የጀመርኳት ወረቀት፣ ዛሬ ሰው ከዘገየች መጥቶ የሚጠይቃት ሆናለች። አንተም ከዚያ ማዶ ሆነህ የእጅ ጽሑፌን እየተየብህ ለባለ ማተሚያው ስለምትልክልኝ ውለታህን አልረሳም።

ግን ተቆጥቻለሁ። እኔ የጻፍኩት፣ «ቲማቲማችሁን በሽቦ ከምታስሩ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሂዱና ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠይቁ፤ ወሬ ስለምትወድ ጨርቁንም ወሬውንም መርቃ ትሰጣችኋለች» የሚል ነበር። የታተመው ምንድን ነው? «ቲማቲም በጨርቅ ይታሰር።» ይታሰር! ፖሊስ ነኝ እንዴ? ልብስ ሰፊዋ ስሟ የሚነሳበትን ስትጠብቅ ከርማ ወረቀቷን ሁለት ጊዜ ገለበጠቻት። አታሳጥርብኝ። እኔ የማወራው ከሰው ጋር ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቆስጣና ጎመን ላይ ጥቃቅን አረንጓዴ ተባይ ወርዶብናል። የሳሙና ውኃ እርጩ ብዬ ነበር፤ አልበገር አለ። ሰዉ ሱቅ እየሄደ ፀረ ተባይ መድኃኒት መግዛት ጀምሯል። አልወደድኩትም፤ ግን ካልቀረ በሥርዓት ይሁን። ችግሩ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ እዚህ የሚያነብ የለም፤ ባለ ሱቁ ራሱ «ጥሩ መድኃኒት ነው» ከማለት በቀር አያውቅም። ፊደሉን አንድ በአንድ እንደ ሥዕል ገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ የመጨረሻው መስመር በቀይ ነው የተጻፈው። ምን እንደሚል ተርጉመህ ላክልኝ።

አክስትህ


ጥቅምት ፮ ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ደህና ነኝ፤ እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስለ ጨርቁ ይቅርታ። ጽሑፉ ከአንድ ወረቀት ሲያልፍ ባለ ማተሚያው ይከብደኛል እንዳለዎት ስለማውቅ ነው ያሳጠርኩት። ደግሞም የሥራዬ ጠባይ ተጋብቶብኝ ይሆናል። እዚህ ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ሣጥን ላይ የአድራሻ ወረቀት ነው የምለጥፈው። አለቃችን ሰዓት ይዞ ከኋላችን ይቆማል፤ የዘገየ ይጻፍበታል። ቤትም ስገባ እጄ መቸኮሉን አይተውም። ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ጋር አንድ ክፍል እንጋራለን። ጠረጴዛው አንድ ስለሆነ፣ እሱ ሥራ ሲሄድ የእኔ ይሆናል። የእርስዎን ጽሑፍ የምተይበው ያኔ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከሳምንቱ ሁሉ የምወደው ሰዓት ነው።

የላኩት ጽሑፍ ጥርት ብሎ ይነበባል። እንዲህ ይላል፦ ጓንት ሳያደርጉ አይንኩ፤ አፍና አፍንጫን ሸፍኑ፤ በነፋስ ቀን አትርጩ። ከተረጨ በኋላ አሥራ አራት ቀን ሳይሞላ አትክልቱ አይበላም። ይህ የመጨረሻው በቀይ ነው የተጻፈው ብለዋል፤ ስለዚህ ዋናው እሱ መሆን አለበት።

ልብስ ሰፊዋን ሰላም በሉልኝ።

ልጅዎ


ጥቅምት ፳፬ ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

እጅህ ይባረክ። ዳቦ ጋጋሪውንም ጠረጴዛውን ስለለቀቀልን አመስግንልኝ።

የዘጠነኛዋን ጽሑፍ ልኬልሃለሁ። ስለ ማዳበሪያው ጉድጓድ የጻፍኩትን ብታሳጥር እታገሥሃለሁ። ስለ ሽንኩርቱ መደብም እንደዚያው። ስለ መድኃኒቱ ያለውን ግን እንዳለ ተወው። እንዲህ ነው የጻፍኩት፦

«ወገኖቼ፣ መርዝ መርዝ ነው። ልጆችን ከጓሮ አውጡ። ከረጫችሁ በኋላ እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ሙሉ አሥራ አራት ቀን ሳያልፍ ቅጠሉን አትቅጠፉ፣ አትብሉ፣ ለጎረቤትም አትስጡ። የቸኮለ ሰው ካለ እኔ ጓሮ መጥቶ ያልተረጨ ይቅጠፍ።»

ሰው በደረቅ ትእዛዝ አይሰማም። ሲለምኑት ግን ያፍራል። ሠላሳ አንድ ዓመት የቀን ሠራተኛ ሳሠራ የተማርኩት ይህንን ነው።

አክስትህ


ኅዳር ፱ ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ዛሬ የምጽፈው አጭር ነው፤ ሥራ በዝቶብናል። ዘጠነኛዋን ተይቤ ለባለ ማተሚያው ልኬለታለሁ። ደስ የሚለው ሁሉም በአንድ ወረቀት ልክ አለ! አንዲት መስመር እንኳ አልተረፈችም። ልብስ ሰፊዋም ስሟ ገብቷል፤ ሁለት ቦታ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ ፪ ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

እንዴት ሰነበትክ። እኔ ከመከራ ጋር ሰንብቻለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ልትሞትብን ነበር። ቤቷን ታውቀዋለህ፤ መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ ከመኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር። ወረቀቶቼን ከመጀመሪያዋ ጀምሮ እዚያ ምስማር ላይ ነው የምትሰካቸው። ዘጠነኛዋን አንብባ፣ ጓንት አድርጋ፣ አፏን በሻሽ ሸፍና ሰኞ ረጨች። አርብ ቆስጣዋን ቀጠፈች። በላች። ማታውን ላብ አጠመቃት፣ ምራቋ አልቆም አለ፣ ዓይኗ ብዥ አለባት። ግድግዳ እየደበደበች ጎረቤት ጠራች። ሆስፒታል አምስት ቀን ተኛች።

ልጠይቃት ስገባ ምን አለችኝ መሰለህ? «ያልሽውን ሁሉ አድርጌያለሁ እኮ» አለችኝ። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረችልኝ። «ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ አርብ። አራት ቀን።»

«ማነው አራት ያለሽ?» አልኳት።

«አንቺ ነሻ!»

ቤቷ ሮጬ ሄጄ ወረቀቷን ከምስማሩ ነቀልኩ። አራት ቀን ይላል! አሥራ የምትለው ቃል የለችም። ያንኑ ቀን በየቤቱ እየዞርኩ መቶ ስልሳውንም በር አንኳኳሁ። ሌሎች ሦስት ቤቶች ረጭተው ነበር፤ አንዷ ድስቱን ጥዳዋለች። ከእሳቱ ላይ አንስቼ ደፋሁት።

ከዚያ በቀጥታ ማተሚያ ቤት። ሰው ተሰልፏል፤ ግድ አልሰጠኝም። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ምኑን?»

«ሰው ልትገድል የነበረውን!»

አነበበው። ፊቱ ተለዋወጠ። «እመቤቴ፣ የመጣልኝን ነው ያተምኩት» አለኝ። «አራት ነው የሚለው። ይኸው ይዩት» ብሎ ኮምፒውተሩን አዞረልኝ።

«እዚያ ላይ ያለውን አንተው ስትነካካው ብትለውጠውስ? የእህቴ ልጅ እኮ ጽሑፉን የተረጎመው ራሱ ነው! አሥራ አራት መሆኑን ከእኔ በፊት ያወቀ ልጅ ነው!»

«እኔ የሰው ጽሑፍ አልነካም» አለ።

«ውሸታም!» አልኩት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ከሰልፉ ሁለት ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው ወጡ። ደግ አደረጉ አልኩ።

የሰፈሩ ስብሰባ ጥር መጀመሪያ ላይ ነው። አንተ የላክህለትን እንዳለ አሳትመህ በፖስታ ላክልኝ። ሰው ሁሉ እያየ ፊቱ ላይ አነብለታለሁ።

አክስትህ


ጥር ፲፬ ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ከፍ ያለ ነው። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ልብስ ሰፊዋ እንዴት ሆነች? ዓይኗስ? መኪናዋ ላይ ተመልሳለች? ሐኪሞቹ ምን አሉ? እባክዎ ይጻፉልኝ።

እዚህ ብርዱ በርትቷል። ዳቦ ጋጋሪው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፤ ጠረጴዛው አሁን ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። ኮምፒውተሬ ግን ትንሽ አስቸግሮኛል። በፖስታ ስድስት ጥንድ ወፍራም ጓንት ልኬያለሁ፤ እስከ ክርን ይደርሳል። አንዱን ለልብስ ሰፊዋ ይስጡልኝ። ሌላም የሚያስፈልጋት ካለ ይንገሩኝ፤ ምንም ቢሆን።

ባለ ማተሚያውን ባይጫኑት ምናልባት ይሻል ነበር። ሰው ይሳሳታል።

ልጅዎ


የካቲት ፩ ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ጓንቱ ደርሷል። ጓንት አልጠየቅሁህም።

የጠየቅሁህ አንድ ወረቀት ነው። ከሁለት ወር በኋላ ስለ ብርድ ትጽፍልኛለህ! ኮምፒውተር አስቸገረኝ ትለኛለህ፣ አላስታወስኩም አትለኝም፣ ጠፍቷል አትለኝም። ስብሰባው አለፈ። ባዶ እጄን ቆሜ፣ «የእህቴ ልጅ ሊልክልኝ ነው» እያልኩ ሰው ፊት ለፈለፍኩ። ባለ ማተሚያው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰማኝ። ትምህርት ቤቱ የፈተና ወረቀት የማባዛቱን ሥራ ለሌላ ሰጥቶበታል፤ «መርዝ የሚያትም» ይሉታል። ይህን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ልብስ ሰፊዋን ጠይቀሃል። እጇ ይንቀጠቀጣል። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አልቻለችም። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አሥር አሥራ አምስት መርፌ ላይ ክር አስገብቼ ትራስ ላይ ሰክቼላት እመለሳለሁ።

ትናንት እዚያ ተቀምጬ ዘጠነኛዋን ወረቀት እንደገና አነበብኳት። እስከዛሬ የማየው አራትን ብቻ ነበር። ትናንት ግን ዙሪያዋን አየሁ። «እባካችሁ» የለም። ሁለቱም የሉም። «ሙሉ» የምትለውም የለችም። «ከረጫችሁ በኋላ አራት ቀን ሳያልፍ አትቅጠፉ።» እንዲህ አድርቆ፣ እንዲህ ላጭቶ።

ባለ ማተሚያው የእኔ «እባካችሁ» ምን አድርጎት ነው የሚያወጣው? እሱ ወረቀት እንጂ ቃል አይቆጥርም። ቃሌን የሚቆርጥ ሰው በዚህ ዓለም አንድ ነው የማውቀው።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሰላምታም፣ ብርድም፣ ጓንትም አልፈልግም። የላክኸው አሥራ አራት ነው ወይስ አራት?

አክስትህ


የካቲት ፲፱ ቀን

አክስቴ፣

አራት ነው።

የመጨረሻዋ መስመር ወደ ሁለተኛ ወረቀት ወርዳብኝ ነበር። አንዲት መስመር። ከየቦታው አንድ ሁለት ቃል ቀነስኩ፤ አልበቃም። ስለ መድኃኒቱ ያለውን እንዳልነካ አዝዘውኛል። እኔ ግን፣ ሁለት ጊዜ «እባካችሁ» ምን ያደርጋል፣ «ሙሉ»ስ ምን ይጨምራል ብዬ አንድ ላይ ይዤ ሰረዝኩ። «አሥራ» አብራ ሄደች። መስመሯ ወደ ላይ ስትወጣ ደስ አለኝ። ሳላነበው ላክሁት።

ያወቅሁት የታኅሣሥ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቀን ነው። ኮምፒውተሬ አልተበላሸም። ከፍቼ አየሁት፤ ዘጋሁት፤ እንደገና ከፍቼ አየሁት። ልጽፍልዎት ቁጭ አልኩ። «የእህቴ ልጅ አሥራ አራት መሆኑን ከእኔ በፊት ያወቀ ነው» ብለው በሰው ፊት የተከራከሩልኝን ሳነብ ተውኩት። በዚህ አገር ማንም ስለ እኔ እንዲያ ብሎ አያውቅም። ያንን ላጣው አልፈለግሁም። ባለ ማተሚያው እየተሰደበ መሆኑን አውቄ ሁለት ወር ዝም አልኩ። ጓንቱን የገዛሁት ዝም እያልኩ ነው።

የላክሁትን እንዳለ አሳትሜ ከዚህ ጋር አድርጌያለሁ። ለሰፈሩ ሰው የጻፍኩትንም እንዲሁ። ስሜን ሙሉውን ከነአባቴ ጽፌበታለሁ። ካላሳተሙት አይፈረድብዎትም። ካሳተሙት ግን አንድም ቃል አያውጡለት።

ልጅዎ


መጋቢት ፲፪ ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ መጥረጊያ አንስቼ ግቢውን ጠረግሁት፤ ንጹሕ ነበር። ለመምታት የሚመች ነገር ስላጣሁ ነው።

እንዴት ትላለህ፣ «ላጣው አልፈለግሁም»? እኔ ዘንድ ያለህን ክብር ጠብቀህ የሰውየውን እንጀራ አስነጠቅህ! ስህተቱን ይቅር ማለት እችላለሁ። ሰረዝክ፣ ቸኮልክ፣ እሺ። ሁለቱን ወር ግን ምን ላድርገው? በእነዚያ ሁለት ወራት እኔ ከቤት ቤት እየዞርኩ አንድ ንጹሕ ሰው ሳቆሽሽ ነበር፤ አንተ እያወቅህ!

በራሴም ተቆጥቻለሁ፤ በአንተ ብቻ እንዳይመስልህ። ዘጠነኛዋ ከማተሚያ ቤት ስትመጣ ያየሁት የልብስ ሰፊዋ ስም መግባቱን ብቻ ነው። ስለ መርዝ የጻፍኩትን፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱን፣ ሳላነበው አደልኩ። አንተ ሳታነብ ላክህ፣ እኔ ሳላነብ አደልኩ። አንብባ ያመነችን የተመረዘችው ብቻ ናት።

ማክሰኞውኑ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ሆን ብዬ ሰው የሚበዛበትን ሰዓት ጠበቅሁ። ሰልፉ ግን አልነበረም፤ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ባለ ማተሚያው ሲያየኝ ተነሥቶ ከማሽኑ ጀርባ ቆመ።

«ውሸታም ያልኩህ እዚህ ቆሜ ነው» አልኩት። «ውሸታሟ እኔ ነኝ። የተላከልህ አራት ነው። ይኸው፣ ራሱ ጽፎታል።»

ወረቀትህን ሰጠሁት። አልተቀበለኝም። «እርስዎ ያንብቡት» አለኝ። «ጮክ ብለው።»

አነበብኩት። ይብቃዎት አላለኝም። ሁለቱ ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው ቆመው ሰሙ። ስጨርስ፣ «ትምህርት ቤቱም ይስማው» አለ። ከዚያው ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄ አነበብኩለት። ርዕሰ መምህሩ አዝኗል፤ ግን ውሉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለሌላ ሰው ተፈርሟል። ሐዘኑን ይዤ ተመለስኩ። ለባለ ማተሚያው ስነግረው ራሱን ነቀነቀና ወደ ማሽኑ ተመለሰ።

አሥረኛዋ ታትማለች። ፊተኛው ገጽ ሙሉውን የአንተ ጽሑፍ ነው፤ ከነስምህ። አንድም ቃል አላወጣሁም። ከጀርባው የእኔ ነው። ባለ ማተሚያው ራሱ ተየበው፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብዬ እያነበብኩለት። ግማሽ ቀን ፈጀብን። ከእንግዲህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ አንተ አትተይብልኝም።

ልብስ ሰፊዋ ጋ የሄድኩት በመጨረሻ ነው። እሷን ነው የፈራሁት። ወረቀቷን ተቀብላ መስኮቱ ሥር አነበበች። ዝም። ወሬኛዋ ሴት ዝም ስትል አስበው። ቆይታ፣ «ስሙን ጽፏል» አለች። «አዎ» አልኳት። «ጥሩ። እጄ ወደ ቦታው ሲመለስ ይቅር እለዋለሁ። እስከዚያ አልልም፤ እንዳትዋሺለት።» ይኸው አልዋሸሁልህም። ከትናንት ወዲያ በራሷ ሁለት መርፌ ላይ ክር አስገብታለች። ሦስተኛው እንቢ ብሏት ወረወረችው።

እኔም እስካሁን እንደተቆጣሁ ነኝ፤ መቼ እንደሚለቀኝ አላውቅም። ሲለቀኝ ታውቀዋለህ፣ ስለ ጉልበቴ እጽፍልሃለሁ።

ለእኔ መልስ አትጻፍ። ከዚህ በታች ያለው የባለ ማተሚያው አድራሻ ነው። ይቅርታህን ከሰፈሩ ሁሉ ጋር ደባልቀህ ጠይቀኸዋል፤ እሱ ሰፈር አይደለም፣ አንድ ሰው ነው። ሰላምታህንም ጤናውን በመጠየቅ ጀምር፤ ሥራው እንዴት እንደሆነ ጠይቀው፤ የሚልህንም ሁሉ ተቀበል። ረጅም ይሁን። ሁለት ወረቀት ቢሞላ፣ ሦስትም ቢሞላ፣ አታሳጥረው።

እሱ መልሼለታለሁ ሲለኝ እኔና አንተ እንነጋገራለን።

አክስትህ